ያጠፋኋት መስመር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። ሐሜቴን፣ ጾም መግደፌን፣ ከእህቴ ጋር መኳረፌን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህችን ግን ዋጥ አድርጌ «ይፍቱኝ» እያልኩ ስመለስ ኖሬያለሁ። ደግሞስ ምን ብዬ ልንገራቸው? «አባ፣ ከኮምፒውተር ላይ አንዲት መስመር አጠፋሁ» ብላቸው ሳቃቸው ይመጣል። ስለዚህ ለእናንተ ልናገር፤ ሳትስቁ ስሙኝ።

እኔና ጌትነት ትምህርታችንን ስንጨርስ ደብረ ብርሃን ከአንድ ወፍጮ ቤት በላይ ያለች ክፍል ተከራይተን ፕሮግራም እንጽፍ ነበር። እኔ የእነዋሪ ልጅ ነኝ፤ እሱ የአንኮበር። የመጀመሪያ ሥራችን ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሰዎች ነበር፤ ሱፉ ከጣርማ በር በጎች ተሸልቶ ከመጣበት ጊዜ ጀምሮ ብርድ ልብስ ሆኖ እስኪሸጥ ድረስ የሚከታተል ፕሮግራም። ጌትነት ታዲያ አንድ አመል ነበረው። ለእያንዳንዱ የፕሮግራሙ ክፍል የሚሰጠውን ስም በአማርኛ ይጽፋል፦ ተቀበል፣ እጠብ፣ ንደፍ፣ ፍተል፣ ሸምን። ሌሎች ጓደኞቻችን «አንተ ሰውዬ፣ ኮምፒውተሩን ሸማኔ ልታደርገው ነው?» እያሉ ይስቁበት ነበር።

እሱ ግን ምክንያት ነበረው። እናቱ እትዬ አስካለ አንኮበር ላይ ሱፍ ሲፈትሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ፊደል የቆጠሩት በስተርጅና ነው። ልጃቸው ቤት በሄደ ቁጥር «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?» ይሉታል፤ እሱም መልስ ያጣል። «አንድ ቀን አሳያታለሁ። ራሷ አንብባው ይገባታል» ይለኝ ነበር። ሌላ ነገር ሲመኝ ሰምቼው አላውቅም።

የፕሮግራሙ ጽሑፍ እየረዘመ ሲሄድ ጌትነት የት ምን እንደጻፈ ይጠፋበት ጀመር። እኔ አይጠፋኝም። ስሜን አቆላምጦ «እስኩ፣ ንደፍ የት ነው ያለው?» ይለኛል። ወንበሬን ስቤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ክፍላችን ብርዱ አያስቀምጥምና ጋቢ ለብሶ ነው የሚሠራው፤ የጋቢው ጫፍ ጉልበቴ ላይ ይወድቃል። የፈለገው የት እንዳለ እያወቅኩ ቀስ እያልኩ እፈልግለታለሁ። ወድጄው ነበር። አልነገርኩትም። «የት ነው ያለው?» ብሎ እንዲጠራኝ ብቻ ነበር ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ የምነሳው።

አንድ ቀን፣ የምንጽፍበት ኤዲተር በጎኑ ማውጫ ሊወጣለት እንደሚችል ሰምቶ መጣ። የክፍሎቹ ስም በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች ይደረደራል፤ አንዱን ስትነኩት ወደ ቦታው ይወስዳችኋል። እንድሠራለት ለመነኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማስተካከል የእኔ ሥራ ነበር። ማውጫው መጀመሪያ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። የእኛንም እንዲያውቅ አንዲት መስመር ጨመርኩ። ወዲያው ተቀበል፣ እጠብ፣ ንደፍ፣ ፍተል፣ ሸምን በተራ ወጡ። ጌትነት ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «ለእማዬ ይቺን ነው የማሳያት!» አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ አልጠራኝም። ለምን ይጥራኝ? ማውጫ አለው። እኔ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ተቀምጬ ጋቢውን አያለሁ።

አንድ ጠዋት ቀድሜው ገባሁና ያችን መስመር አጠፋኋት። እጄ ተሳስቶ አይደለም። አውቄ አጠፋኋት፤ ጎኑ ባዶ መሆኑንም አረጋገጥኩ። ሲመጣ «የኤዲተሩን አዲስ እትም ጭኜ ነበር፤ የእኛን ፊደል አይቀበልም» አልኩት። ደግሞ አመነኝ። አማርኛው በየማሽኑ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሲመጣበት የኖረ ሰው እንዴት አያምነኝ? «አይ የኛ ነገር» አለና ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ «እስኩ፣ ፍተል የት ነው ያለው?» አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ብነግራችሁ ትጠሉኛላችሁ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ሥራው ቢያጣድፈው ስሞቹን አንድ በአንድ ወደ እንግሊዝኛ ቀየራቸው፤ ማውጫው ተመልሶ መጣ። ስሞቹም ሄዱ፣ መጠራቴም ቀረ፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ። ያኔ ብናገርስ? አንዲት መስመር መመለስ ነበር እኮ። ግን ለምን አጠፋሽው ቢለኝ ምን እላለሁ? ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ከማጥፋቴ ባሰ።

እትዬ አስካለ ገበያ ሲመጡ ቆሎ ይዘውልን ገቡ። ጌትነት ኮምፒውተሩን ወደ እሳቸው አዞረ። መነጽራቸውን አደረጉና ጣታቸውን በስሞቹ ላይ ከላይ ወደ ታች እያስኬዱ ፈለጉ።

«የኔ ፊደል የለበትም እንዴ?» አሉ።

«ማሽኑ አይቀበለውም፣ እማዬ።»

«ይሁን። የተማረ ያውቃል» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺ ነሽ አሉ ልጄን የምታግዢው። እጅሽን ቁርጥማት አይንካው፣ ልጄ።»

«አሜን» አልኩ። በዚያ እጅ ላይ አሜን አልኩ!

ጌትነት ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ። እኔ እዚያችው ክፍል ነኝ። ሰው ሲጠራኝ ድምፁ የእሱን ከመሰለ ዛሬም ልቤ ዘለል ይላል።

ባለፈው ክረምት እትዬ አስካለ አረፉ። አንኮበር ለልቅሶ ወረድኩ። ጌትነት ድንኳኑ ውስጥ አጠገቡ አስቀመጠኝ፤ ስንት ጊዜ የተመኘሁት ቦታ! «እማዬ ሥራዬ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሄደች። የኛ ፊደል ቢሠራ ኖሮ...» አለኝ፤ አልጨረሰውም። እኔም «እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት። አያችሁኝ? እዚያም ላይ፣ እሱ እያለቀሰ፣ ያንኑ አደረግኩ።

ፍቅር ነው ያደረገሽ እንዳትሉኝ። ከልቤ ወድጄው ቢሆን ኖሮ እናቱ እስኪያነቡ እጠብቅ ነበር። እኔ የፈለግኩት መጠራት ነው። አሁን ስሞቹን መልሼ በአማርኛ ጽፌያቸዋለሁ፤ መስመሯንም መልሻታለሁ። ማውጫው በግራ በኩል ተከፍቶ ይውላል። የሚያነበው የለም።

ጌትነት፣ በቃሌ ልነግርህ አቅም አጣሁ፤ ስለዚህ ይህን አንብበው። የእኛ ፊደል ይሠራ ነበር። እትዬ አስካለ ያነቡት ነበር።