ባለ ሁለት ቁልፉ ጉርድ

በልብስ ስፌት ቤታችን ተኳሿ እኔ ነኝ። አፏ እንደ ካውያዋ ይፋጃል ይሉኛል፤ ይበሉ! ልኪት የምንላት ልጅ ደግሞ አዲስ ጉርድ ሲወጣ መጀመሪያ እሷ ላይ ይለካል። በእሷ ወገብ ልክ ተቆርጦ ነው ለሱቆች የሚላከው። መተዳደሪያዋ ወገቧ ነው።

ታዲያ የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል ልጅቷ ሌላ ሰው ትሆናለች። ሆዷ ይነፋል፣ ጡቷን ያማታል፣ «ደህና አደርሽ» ስትባል ታለቅሳለች።

«ወፈርኩ እኮ፣ እትዬ! ካወቁብኝ ሌላ ልጅ ያመጣሉ» ትልና ምሳዋን ትተዋለች።

«አንቺ ሞኝ! ከባዶ ሆድ ጠብ እንጂ ምን ይወጣል?» እላታለሁ። ማን ሰምቶኝ!

አንድ ጊዜ እዚያው ሰሞን ላይ ተለካች። የተሰፋው ጉርድ በሙሉ ወገቡ ሰፋ ተብሎ ከሱቅ ተመለሰ። አሠሪያችን እንደገና ቢለኳት ወገቧ ጠቦ ተገኘ። ጉድ እኮ ነው! «ይሄ ሜትር ተለጥጧል!» ብለው ሴትዮዋ ሜትሩን ወርውረው አዲስ አስገዙ። ልኪት ግን ምስጢሩን ታውቃለች። ከዚያ ወዲህ እህል የሚባል ነገር ተወች፤ በሚቀጥለው ወር መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ዝልፍልፍ ብላ ወደቀች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ ጎትቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

ነርሷ ሁሉን ከሰማች በኋላ «እህቴ፣ ይሄ ስብ አይደለም» አለቻት። «ሆርሞንሽ ከፍ ዝቅ ሲል ሰውነትሽ ውሃ ይይዛል፤ የወር አበባሽ ሲመጣ ይለቀዋል። የብዙ ሴት ነገር ነው። መራቡ ግን ድካሙንም ንዴቱንም ያብስብሻል። ብዪ፣ ጨው ቀንሺ፣ በደንብ ተኚ። ሐዘኑ ከበረታብሽ ተመለሺ፤ የሚረዳሽ ሕክምና አለ።»

በማግስቱ ልኪት አሠሪያችን ፊት ቆመች።

«ሜትሩ ደህና ነበር። የተነፋሁት እኔ ነኝ። በየወሩ እነፋለሁ።»

ሊያባርሯት ነው ብዬ ካውያዬን አስቀምጬ ለጠብ ተዘጋጀሁ።

«እኔም በልጅነቴ እዚያ ሰሞን ጉርዴን በመርፌ ቁልፍ ነበር የማስረው» አሉ ሴትዮዋ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ለጉርዱ ለምን ሁለት ቁልፍ አንተክልለትም፣ አንዱን ጠበብ አንዱን ሰፋ አድርገን?» አለች ልኪት።

አሁን ከካውያዬ ሥር የሚያልፈው ጉርድ ሁሉ ባለ ሁለት ቁልፍ ነው፤ ሱቆቹም አምጡ አምጡ ይላሉ። ልኪት ምሳዋን ከእኔ ጋር ትበላለች። ያ ሰሞን ሲደርስ ትቆጣኛለች፣ እኔም አልምራትም። ከዚያ ቁልፏን ወደ ሰፊው ታሻግርና ትጎርሳለች።