ማን ነው የለመደው?

ያ ክረምት ፀሐይ የጠፋበት ክረምት ነበር። አቃቂ ወንዝ ሞልቶ የሰፈራችንን የበሰቃን ጓሮ ሁሉ አጥቦ ሄደ። ግድግዳው እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ልብስ ከገመድ ወርዶ እንደረጠበ ይለበሳል። አንድ ቤት ልጅ ማሳል ሲጀምር፣ ውሻ እየተቀባበለ እንደሚጮኸው በየቤቱ ይቀጥላል። ብርዱ እስከ አጥንት ሲገባ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ፍርሃት ግን አልነበረብንም፤ ጉዲሳ ነበረና።

ጉዲሳ የዚሁ የአቃቂ ልጅ ነው። አባቱ ዛሬ መጋዘን የተሠራበት ሜዳ ላይ ጤፍ ያርሱ ነበር። እሱ ጥቂት ተማረና አንድ ፋብሪካ ክሊኒክ ድሬሰር ሆኖ ገባ፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። ፋብሪካው ጡረታ ሲያወጣው ሰፈሩ ግን አላወጣውም። «ዶክተር» ነበር የምንለው። እንዲያ ሲሉት አንገቱን ሰበር አድርጎ ፈገግ ይላል፤ አይደለሁም ግን አይልም።

ቤቱ ውስጥ አንዲት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነበረች። ሐኪም ያዘዘለት ሰው ትንሽ ሲሻለው መዋጡን ይተውና የተረፈውን ለጉዲሳ ያመጣል። ቀይና ጥቁሩ እንክብል፣ ቀይና ቢጫው፣ ሁሉም እዚያች ቆርቆሮ ይገባል። ሌላው ሲታመም ከዚያችው ይወጣለታል። «ሲሻልሽ አቁሚና ቀሪውን መልሺ፤ ለሌላው ይሆናል» ይላል። እንደ ዕቁብ ያለ ነገር ነበር፤ ዙሩ የደረሰው ይወስዳል። ምግብ መድፋት ነውር በሆነበት ሰፈር መድኃኒት መጣልማ ግፍ ነው የሚመስለው። ጉዲሳም ለዚህ ሁሉ ከምርቃት በቀር የተቀበለው ነገር የለም።

ሚስቱን ዳሲቱን ሽንቷ ያቃጥላት ነበር። ባቃጠላት ቁጥር ሁለት ሦስት ፍሬ ይሰጣታል፤ ሻል ሲላት ትተዋለች፤ ይመለስባታል፤ እንደገና ይሰጣታል። አንዴ ሐኪም ቢያያት ምን አለበት ብለው፣ ሰውነቷ ይኸንኑ ለምዶታል፣ ለእሷ የሚስማማት ይኸው ነው አለኝ። እኛ ዘንድ መልመድ ደግ ነገር ነው። የለመደ ሰው፣ የለመደ ቤት እንላለን። ነገሩ አሳመነኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዳሲቱ ወገቤን ብላ ተኛች። ትኩሳቷ እንደ ምድጃ ይጋረፋል። ከቆርቆሮው ሰጣት፣ አልሆነም። ጨመረላት፣ አልሆነም። ሰው መለየት ሲያቅታት ታክሲ ኮንትራት ይዘን ሆስፒታል ወሰድናት። እዚያም የጀመሩላት መድኃኒት ትኩሳቱን አላወርድ አለ። ሽንቷን ወስደው ጀርሙን በላቦራቶሪ አሳድገው፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው እንደሚያዩ ነገሩን።

ውጤቱ ሲመጣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ሴት ናት። ወረቀቱን እያየች፣ «ይኸኛውን ለምዶታል። ይኸኛውንም ለምዶታል» አለች።

የጉዲሳ ፊት በራ። «እንዴታ! እኔም ስል የነበረው ይኸንኑ ነው። ሰውነቷ ከድሮ ጀምሮ ለምዶታል፤ ያንኑ ስጧት።»

«ሰውነቷ አይደለም አባባ። ጀርሙ ነው የለመደው። መድኃኒቱ አይገድለውም ማለቴ ነው።»

የጎረቤቱ አልጋ አስታማሚ ሳቋን በነጠላዋ ያዘች። ጉዲሳ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ሐኪሟ ሳትሰማ አልቀረችም መሰለኝ፣ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ ይኸን መድኃኒት እስካሁን ማን ነበር የሚሰጣት ብላ ጠየቀች።

ጉዲሳ መሬት መሬት አየ። ያን ጊዜ ትንሽ ነቃ ያለችው ዳሲቱ ከአልጋዋ ላይ፣ «ራሴ ነኝ፤ ከመድኃኒት ቤት እየገዛሁ» አለች። አቅም ስለሌላት ቃሉ ከአፏ የወጣው ተጎትቶ ነው። ሐኪሟ ተቆጣቻት። እናቴ፣ ያለ ትእዛዝ መውሰድ፣ ደግሞም ጀምሮ ማቋረጥ ለዚህ አደረሰዎት አለቻት። በሽተኛዋ ተኝታ ስትወቀስ ጉዲሳ አጠገቧ ቆሞ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

የሚሠራ አንድ መድኃኒት ቀርቶ ነበር፤ በደም ሥር የሚሰጥ። እሱን ግን ብቻዬን አላዝም፣ ትልቁ ሐኪምና የመድኃኒት ባለሙያው ሊስማሙበት ይገባል አለች። ጉዲሳ፣ ሰው እየሞተ መድኃኒት ለማን ነው የሚቀመጠው አላት።

«ለእሷ ነው እንጂ ያስቀመጥነው» አለች። «ላሳለው ሁሉ ብንሰጠው ኖሮ ጀርሙ ይኸንንም ለምዶ ይጠብቀን ነበር።»

በዚያው ዕለት ተስማሙ። ዳሲቱ ዳነች፤ ከስታ፣ ግን በእግሯ እየሄደች ቤቷ ገባች። ጉዲሳ ቆርቆሮዋን ይዞ ጤና ጣቢያ ሄደና ለመድኃኒት ክፍሉ አስረከበ። ምን እንዳሉት አልነገረኝም።

ሰፈሩ ግን መች ተወው። ሰኪና፣ የመንገዱ አፍ ላይ ሱቅ ያላት የስልጤ ልጅ፣ ልጇ አስሏት ይዛ መጣች። ጉዲሳ ግን ጤና ጣቢያ ውሰጃት፣ ጉንፋን ብቻ ከሆነም የቆርቆሮው ዓይነት መድኃኒት አይሠራላትም አላት።

ሰኪና ምላሷ ስለት ነው። «ኧረ አባባ! ለሚስትዎ ሆስፒታል፣ ለእኛ ልጅ ምክር?» ብላ በሩ ላይ የተቀመጥነውን አሳቀችን።

ጉዲሳ አልሳቀም። «ዳሲቱን ልገድላት ነበር» አለ። «ጀርሙን ያስለመድኩት እኔ ነኝ። አባቴ ወይፈን ሲያስለምድ ቀንበሩን መጀመሪያ ለጥቂት ነው የሚጭንበት፤ በማግስቱ ጨመር ያደርጋል። እኔም ሁለት ሦስት ፍሬ እየወረወርኩለት እንዲያ አስለመድኩት።»

«ተው እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ምን አገባቸው» አለች ዳሲቱ ከውስጥ።

«አልተውም። ሐኪሟ ስትጠይቅ የዋሸሽው ለእኔ ነው። በእኔ ጥፋት ስትሰደቢ ቆሜ ሰማሁ።»

ሰኪና ልጇን አቅፋ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። እኛም አንድ በአንድ ተነሣን፤ ከዚያች ቆርቆሮ ያልዋጠ ማን አለ?

ከዚያ በኋላ ጉዲሳ በር ላይ አልተቀመጠም። «ዶክተር» ብሎ የጠራው ሰው ካለ ዞሮ ሳያይ ያልፋል። ዳሲቱ ለምርመራ ስትመለስ አብሯት ሄዶ ነበር፤ ለዚያች ሐኪም እውነቱን ሊነግራት። ሌላ ቦታ ተዛውራለች አሉት። ተተኪውን ምን ይበለው? ዳሲቱን አስመርምሮ ተመለሰ። በሩን የሚያንኳኳው ግን አልቀነሰም፤ አንዱ ቁስል፣ አንዱ ጉሮሮ ይዞ ይመጣል፤ ያመመውን ሰው ከበሩ መመለስ ለእሱ ሌላ ሕመም ሆነበት። መጨረሻ ላይ ቤቱን አከራይቶ ሚስቱን ይዞ ወጣ። ለሰፈሩ አልተሰናበተም።

አሁን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ልጃቸው ገዳ ዘንድ ናቸው። እዚያ ድሬሰር እንደነበረ የሚያውቅ ጎረቤት የለም፤ አባባ ጉዲሳ ነው የሚሉት።