ቀይ ብረት

የመጨረሻዋ ልጄ ፈትያ በቅርቡ ወልዳ እኔ ቤት አራስ ናት። ዛሬ ጠዋት ወደ ጓሮ ልትወጣ ስትል የሽንኩርት መክተፊያውን ቢላዋ አንስቼ አስያዝኳት። በእኛ በከሚሴ አራስ ብረት ሳትይዝ ከደጅ አትወጣም፤ ጅን ከብረት ይሸሻል ይባላል። ቢላዋውን ሳቀብላት የአማቴ የአዴ ሉባባ ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

ያኔ ሠላሳ አልሞላኝም፤ ፈትያ አምስተኛዬ ነበረች። ትምህርት ቤት ሳልዘልቅ ከወንድሞቼ መጻሕፍት ፊደል ለቅሜ ግጥም እቋጥር ነበር፤ ማሽላ ሳበጥር፣ ከቦርከና ውሃ ይዤ ስመለስ፣ በቃሌ። ልጅ ይበቃኛል ብዬ የወሊድ መከላከያ መርፌውን የጀመርኩት ከፈትያ በኋላ ነው። ጎረቤቶቼን ተስማምቷቸዋል፤ እኔን እምቢ አለኝ። ደሙ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ቀን የለው፣ ልክ የለው። ሶላት ስጀምር ያቋርጠኛል። ረመዳኑ ጥቂት ስጾም ብዙ ስፈታ አለቀ። ድካሙ አጥንቴ ድረስ ገባ። ግጥሙ ይቅርና ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣሁ።

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ኪኒኑም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም የመርፌው ዘመድ መሆኑን ነገረችኝ። «ያለ ሆርሞን ከፈለግሽ ወይ ማህፀን ማስቋጠር ነው፣ ወይ ማህፀን ውስጥ የሚገባ ሉፕ» አለችና አንዲት ትንሽ ነገር መዳፌ ላይ አኖረች። አናቷ የተቆረጠ «ተ» ትመስላለች፤ እግሯ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። «መጀመሪያ ላይ ይቆርጥሻል፣ የወር አበባሽም በዛ ሊል ይችላል። ግን ቀኑን ይጠብቃል። ስትፈልጊ ይወጣል።»

ባሌ ሰይድ ማስቋጠር ሲባል «አላህ የከፈተውን ደጅ በቁልፍ?» አለ። ስለ ሉፑ ስነግረው መሬት መሬት እያየ «እናቴን ጠይቂ» አለኝ። እምቢ ማለቱ መሰለኝ፤ እናቱ ሰባት ወልደው ስለ ስምንተኛ የሚያወሩ ሴት ነበሩ። እሳቸው ካልፈቀዱ ወይ ወደ መርፌው መመለስ ነው፣ ወይ ስድስተኛ መውለድ።

አዴ ሉባባ ከደጅ ጥላ ስር ማንጎ ይልጡ ነበር። ከቆላ የሚነፍሰው ነፋስ ዝንብና አቧራ ያመጣል። ሰይድ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምንድን ነው ሆድሽ ውስጥ የሚያስገቡት?»

«መዳብ» ብላቸው አልያዙልኝም። ኦሮምኛውን ፈልጌ «ሲቢላ ዲማ» አልኳቸው፤ ቀይ ብረት።

ቢላዋው ማንጎው ላይ ቆመ። «ሲቢላ? ብረት ነው?»

«አዎ አዴ፣ ቀይ ብረት።»

«ኧረ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ! ስትወልጂ ሁሉ ብረት የማስይዝሽ ለምን ነበር? ብረት መቼ ሴትን ጎድቶ ያውቃል?» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተን ምን ያንቆራጥጥሃል? ከብረት የሚሸሸው ጅን ነው። ጅኑ አንተ ነህ እንዴ?»

«አቦ፣ እማ!»

«እንግዲያ ባጃጅ ጥራላት!» ብለው በሳቅ ተንፈራፈሩ።

አብረውኝ ሄዱ። ባጃጁ ኮረኮንቹ ላይ ሲያንገጫግጨን ሳቃቸው ቀረ። እጄን ያዙና ወደ መንገዱ እያዩ «እኔ ሰባተኛውን ስወልድ ይሄ ቀይ ብረት የት ነበር?» አሉ። ስለ ስምንተኛው የሚያወሩት ምን ለመሸፈን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ሉፑ ሲገባ አመመኝ፤ ሲስተሯ «አብሽሪ፣ አለቀ» እስክትል ጣሪያው ላይ ያለውን የውሃ እድፍ ሳይ ቆየሁ። ከዚያ ቁርጠቱም መጣ፣ የወር አበባውም በዛ፤ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፣ ቀኑን ጠብቆ ይሄዳል። ሶላቴን አገኘሁ። ድካሙ ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ አምስት ልጅ የትም አይሄድ። ከወራት በኋላ ግን አንድ ቀን ማሽላ ሳበጥር ይህ መጣልኝ፦

አራስ ቤት ስገባ ብረት ሰጣችሁኝ፣
መውጫውን ደብቃችሁ ስንቴ አስገባችሁኝ።

አዴ ሉባባ ሰሙና «ለማን ነው?» አሉ። «ለሁላችሁም» አልኳቸው። «እኔንም ጨምሪኝ፤ መውጫው ከተደበቀባቸው ጋር» አሉ።

እሳቸውም አለፉ፣ አላህ ይዘንላቸው፤ ሉፔም ጊዜው ሲደርስ ወጣ። ዛሬ ፈትያ ከጓሮ ስትመለስ ፊቷ ላይ ያንን የድሮ ድካሜን አየሁት። ቢላዋውን ከትራሷ ስር እያስገባች «እማ፣ እስከ መቼ ነው ይህን የምይዘው?» አለችኝ።

«እስኪበቃሽ» አልኳት።

አርባ ቀኑን ያልኳት መስሏት ራሷን ነቀነቀች። አላረምኳትም፤ ልጅ ይበቃኛል የምትልበት ቀን ሲደርስ ትርጉሙን ራሷ ታገኘዋለች፤ ካጣችው ደግሞ እኔ አለሁ።