የነገረ ፈጁ ጃንጥላ

ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ጊዜ ከሳጥን አወጣዋለሁ። እጀታው ከእንጨት ነው። ጨርቁ ጥቁር ነበር፤ አሁን ቡናማ መስሏል፣ ከሽቦዎቹም አንዳንዶቹ ተሰብረው ተንጠልጥለዋል። ስዘረጋው መጀመሪያ የሚመጣው የእርጥበትና የዝገት ሽታ ነው፤ ቀጥሎ ከእጀታው አካባቢ ትንሽ ሱረት ይሸተኛል። ልጆቼ ሱረቱ አይሸታቸውም። እናታችን አፍንጫዋ አርጅቶ ያለፈውን ነው የምታሸተው እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ዝናቡ የነቀምቴን ቆርቆሮ መደብደብ ሲጀምር እነሱ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋሉ፤ እኔ ደግሞ ተመልሼ ፍርድ ቤቱ አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አሥር ዓመት ቢሞላኝ ነው። ቤታችን እዚሁ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ነበር። አባቴና እናቴ አልወለዱኝም፤ ጡት ሳልተው በጉዲፈቻ ነው ያመጡኝ። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ራሴን ቅቤ ተቀብቼ፣ የአባቴ ወገን ሁሉ ልጃችን ናት ብሎ መርቆ ተቀብሎኛል። በእኛ ዘንድ እንዲህ የመጣ ልጅ ከተወለደ አይለይም። እኔም ልዩነት አይቼ አላውቅም፤ እናቴን አዮ ስላት፣ ወዬ ልጄ ትለኝ ነበር፤ ስባልግም እንደማንኛዋም እናት በቁንጥጫ ታስለቅሰኝ ነበር።

ሰኔ መግቢያ ላይ አባቴ በአጭር ሕመም ሞተ።

ያን ጊዜ አባት ሲሞት ልጅ ፀጉሯን ትላጫለች። የሚላጭለት ልጅ የሌለው ሰው ሲሞት ለቀስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ምስኪን፣ ዘር ሳይተካ ሄደ እያለ ያንሾካሹካል። ለወገኑ ከባድ ውርደት ነው። አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ደግሞ ስሙን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ፣ አውራጃው ግቢ ሲገባ ዘበኛው የሚነሣለት ሰው ነበር። በለቅሶው ቀን እጄን ይዞ ሰው ወደ ተሰበሰበበት መሐል ወሰደኝ፤ በርጩማ ላይ አስቀመጠኝና በገዛ እጁ ላጨኝ። የውሃው ቅዝቃዜ በጀርባዬ ሲወርድ እስካሁን ይታወቀኛል። እጁ ለስላሳ ነበር፣ አንድም ቦታ አልቆረጠኝም። እያለቀሰ ነበር። እኔም እንዴት ያለ ደግ አጎት አለኝ አልኩ።

ለለቅሶው ልጅ ያስፈልገው ነበር፤ ለርስቱ ግን አላስፈለገውም። ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ ከሰሰ። ወንድሜ ልጅ የለውም፤ ይቺ ለቤት ሥራ ያመጣት ልጅ ናት፤ የቡናው መሬት ለእኔ ይገባል አለ። ቤታችንም መጣ። ከካፖርቱ ላይ ዝናቡን እያራገፈ በሩ ላይ ቆመና፣ ጊዳ አያና የሚኖር አንድ የእህል ነጋዴ የቤት ልጅ ይፈልጋል፣ መስቀል ሳይደርስ ትሄድለታለች አላት አዮን። ስለ ጥጃ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። ሲወጣ አዮ በሩን ዘግታ በጀርባዋ ተደግፋው ቆመች።

ፍርድ ቤት የቀረብን ቀን ዳኛው የሕፃኗ ተናጋሪ ማነው ብለው ጠየቁ። አዮ ተነሣች። አጎቴ፣ እሷ እናቷ አይደለችም፣ ክርክሩም በዚሁ ላይ ነው አለ። ዳኛው ወደ ላይ ወደ ቆርቆሮው አዩና፣ እንግዲያው ሞግዚት ሆኖ የሚናገርላት ሌላ ሰው ይቅረብ አሉ። በረንዳው ላይ ማመልከቻ እየጻፉ የሚያድሩ ነገረ ፈጆች ነበሩ፤ በክፍት በር ሁሉንም ይሰማሉ። ያን ቀን ሁሉም ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አንድ መላጣ ሽማግሌ ብቻ ጃንጥላውን ተመርኩዞ ተነሣና፣ እኔ አለሁ አለ።

ከሸዋ በወጣትነቱ ለጸሐፊነት መጥቶ የቀረ ሰው ነበር። ሚስት እንጂ ልጅ የለውም። ቤቱ ከወንዙ ማዶ ስለሆነ ጠዋትና ማታ ይሻገራል። ክረምት ላይ ውሃው ሲደፈርስ ጃንጥላውን አጥፎ ከፊቱ እየሰደደ ጥልቀቱን ይለካል፤ ጫፉ መሬት ካልነካለት አይሻገርም። ልጆች ይሄን እያስመሰልን እንስቅበት ነበር። ኦሮምኛው ስብርብር ያለ ነው፤ ግን አያፍርበትም። መጀመሪያ አጠገቤ ሲቀመጥ፣ «ሂን ሶዳቲን፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ አትፍሪ ልጄ ማለቱ ነው። እኔ ግን ፈርቼ ሻሼን እስከ ዓይኔ ጎተትኩት።

ቤታችን መጥቶ ስለ ጉዲፈቻው ጠየቀ። ያዩት ሽማግሌዎች ገሚሶቹ ሞተዋል፣ ያሉት ደግሞ አጎቴን ይፈራሉ። የአባቴ የቅርብ ወዳጅ የነበሩት ሽማግሌ እንኳ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ አላስታውስም ብለው አዮን መልሰዋታል። ነገረ ፈጁ ይሄን ሁሉ እየሰማ ሱረቱን ይስባል። ከዚያ ድንገት ወደ እኔ ዞሮ፣ ቤት ውስጥ ለምን ሻሽ ታስራለች አለ። አዮ ነገረችው። ማን ላጫት? አጎቷ። ሰው ሁሉ እያየ? ሰው ሁሉ እያየ። ነገረ ፈጁ ሱረቱን አስቀምጦ ራሴን በሁለት እጁ ያዘ፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም።

ከዚያ ወዲያ ትእዛዙ አንድ ብቻ ነበር። ሻሿን ማንም ፊት አታውልቅ፤ ራሷን ማንም አይንካ፤ ይህን ጉዳይ ማንም በአፉ አያንሣ። ነገረ ፈጁ የፈለገው አጎቴ በለቅሶው ያደረገውን እስኪጠየቅ ድረስ እንዳያስበው ነበር።

ክረምቱ ግን ከአጎቴ ጋር የተማከረ ይመስል ነበር። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ድምፅ አይሰማም፤ ዳኛው እጃቸውን ያነሡና ችሎቱ ይቆማል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ተፋጥጦ ይቀመጣል። ያን ጊዜ አጎቴ እኔን ያያል። ሌላ ቦታ አያይም። ዝናቡ ካላቆመ ቀጠሮ ይሰጣል፤ ካቆመ ደግሞ እሱ ምስክሬ መንገድ ላይ ነው ብሎ ያስቀጥራል። ፀጉሬ እያደገ ነበር። ነገረ ፈጁ በየቀጠሮው በረንዳው ጥግ ወስዶኝ የሻሼን ጫፍ ገለጥ ያደርግና እንደ ገበሬ ቡቃያ ያያል፤ መልሶ ይሸፍናል።

አንድ ቀን የአጎቴ ሚስት ቅቤ ይዛ መጣች። አንዲት ልጅ እንዲህ ሆና እስከመቼ ትቆያለች፣ ልቀባትና ቶሎ ይደግላት አለች። ጣቶቿ ሻሼን ሊፈቱ ሲመጡ አዮ መሐላችን ገባች። ራሷን ቆረቆር ይዟታል፣ ይጋባብሻል አለቻት። ሴትዮዋ እጇን ሰበሰበች። ቅቤውን ትታልን ሄደች፤ አዮ ግን ደጅ አውጥታ ደፋችው። ያን ሁሉ ቅቤ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአጥራችን ፊት ለፊት አንድ የአጎቴ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ መቀመጥ ጀመረ። ምንም አያደርግም፤ ይቀመጣል ብቻ። በመጨረሻው ቀጠሮ ዋዜማም አጎቴ በረንዳው ላይ ለነገረ ፈጁ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣና በትሕትና አነጋገረው። «ጋሼ፣ ወንዙ ሞልቷል። ሲመሽ ባትሻገር ይሻላል።»

ነገረ ፈጁ እግዜር ይስጥልኝ አለው።

በማግስቱ ሰማዩ ጠቁሮ አርፍዶ ነበር፤ ግን አልዘነበም። አዳራሹ ሞልቷል። የአባቴ ወዳጅ የነበሩት ሽማግሌም በትራቸውን ይዘው ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ምስክር ሆነው አልነበረም፣ እንደ ሰው ሁሉ ሊሰሙ ነው የመጡት። አጎቴ ቃሉን ደገመ። ወንድሜ ዘር የለውም አለ። ነገረ ፈጁ ተነሥቶ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ ክቡር ዳኛ አለ። አጠገቤ መጥቶ ሻሼን ፈታው። አየሩ ራሴን ሲነካኝ መደበቂያ አጥቼ አንገቴን ቀበርኩ። ፀጉሬ አድጎ የጣት ውፍረት ያህል ሆኗል፤ ተላጭቶ እንደነበር ግን ይታወቃል።

«ወንድምህ ሲሞት ልጁ ተብሎ የተላጨለት ሰው ነበረ ወይስ አልነበረም?»

አጎቴ አፉን ከፈተ። የለም ቢል ወንድሙ እንደ መካን እንደተለቀሰለት ወገኑ ፊት በገዛ አፉ ሊመሰክር ነው፤ ያን ቀን ያለቀሰው ሁሉ ደግሞ እዚያው ተቀምጦ ያየዋል። ነበረ ቢል እኔ ነኝ። ዞሮ ወገኖቹን አየ። ማንም ዓይኑን አልሰጠውም። ያን ጊዜ ሽማግሌው ሳይጠሩ ከኋላ ተነሡ። በኦሮምኛ ነበር የተናገሩት፤ ፊታቸውን ወደ ዳኛው አላዞሩም፣ ወደ አጎቴ ነበር።

«አንተ ነህ የላጨሃት። ውሃውን የያዝኩልህ እኔ ነኝ።»

አስተርጓሚው እስኪተረጉም ማንም አልጠበቀም፤ አዳራሹ ተንጫጫ። ዳኛው ሽማግሌውን አስምለው ቃላቸውን ተቀበሉ። አስከትለውም የሟች ልጅ ናት፣ ከእናቷ ጋር ትኑር፣ መሬቱም የሷ ነው አሉ። አዮ መሬት ላይ ተቀምጣ እግሬን አቅፋ አለቀሰች። አጎቴ ማንንም ሳያይ ወጣ። ያ ከአጥራችን ፊት ይቀመጥ የነበረው ሰውዬው ከበር ጠብቆት አብረው ሄዱ።

ስንወጣ ሰማዩ ተቀደደ። ሻሼ እዚያው ግርግር ውስጥ ጠፍቶ ቀርቷል። ነገረ ፈጁ ጃንጥላውን ዘርግቶ እጀታውን እጄ ውስጥ አስገባ። አዮ፣ ኧረ ጋሼ፣ አንተስ ብላ ተቃወመች። «ራሷ ባዶ ነው» አለ። ከዚያ የራሱን መላጣ መታ መታ አድርጎ፣ የኔ ምን የሚበሰብስ አለው፣ ነገ በረንዳው ላይ ታመጣልኛለች ብሎ ሳቀ። ካፖርቱን ወደ ላይ ሰብስቦ ወደ ወንዙ በሚወስደው ቁልቁለት ወረደ። እኔ ጃንጥላው ሥር ሆኜ ዝናቡ እስኪሸፍነው አየሁት።

በማግስቱ ጃንጥላውን አድርቄ፣ አጥፌ በረንዳው ላይ ጠበቅሁት። ቦታው ባዶ ነበር። ሌሎቹ ነገረ ፈጆች እንደገና ጫማቸውን ያያሉ። ረፋዱ ላይ ከመሻገሪያው በታች የዛፍ ሥር ይዞት ተገኘ ተባለ። ውሃ ወሰደው አሉ። ጥልቀቱን የሚለካበት ጃንጥላ ደግሞ እጄ ላይ ነበር። ሌሎች ደግሞ አመሻሹ ላይ የአጎቴን ሰው መሻገሪያው ጋ ተቀምጦ አየነው ብለው አንሾካሾኩ፤ የጠየቃቸው ግን የለም፣ እነሱም ጮክ ብለው አልደገሙትም። እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንድ ክረምት ወንዙ ነው እላለሁ፣ አንዳንድ ክረምት ደግሞ አጎቴ በትሕትና ባርኔጣውን ሲያነሣ ይታየኛል። እኔን ለመሰለች ልጅ የሚናገር እሱ ነበረ፤ ለእሱ ግን የተናገረለት አልነበረም። ይህ እስከ አሁን ያንገበግበኛል።

ለቅሶው ላይ ሰው ጥቂት ነበር። ዝናቡ አላባራም። ሚስቱ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ደጃፉ ላይ ደረቷን እየመታች ነበር። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምስኪን፣ ዘር ሳይተካ ሄደ ሲሉ ሰማሁ። የአዮን ቀሚስ ሳብ አደረግሁ።

«አዮ፣ ላጪኝ።»

አየችኝ። ገብታ ውሃና ምላጭ ለምና መጣች፤ በርጩማ አምጥታ ሰው መሐል አስቀመጠችኝ። እጇ እንደ አጎቴ ለስላሳ አልነበረም፣ ሁለት ቦታ ቆረጠችኝ። የማን ልጅ ናት ብሎ የጠየቀ የለም። ሴቶቹ ማንሾካሾኩን ተዉትና ጮክ ብለው ያለቅሱ ጀመር።

ስንጨርስ ጃንጥላውን ወስጄ ለሚስቱ ሰጠኋት፤ በቀጠሮው ላመጣለት ነበር አልኳት። ተቀብላ ለአንድ አፍታ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ከዚያ ዘረጋችውና መልሳ እጄ ውስጥ አስገባችው።

«ያዢው ልጄ፣ ራስሽ ባዶ ነው» አለችኝ።