የአባትየው ወንበር

ዛሬ ባለቤቴ ባዶ የሐኪም ቤት አልጋ ላይ ቁጭ ብላ ጆሮዋን ቀሰረች። «የሕፃን ልቅሶ አይሰማም» አለች።

አዋላጅ ነርስ የሆነችው የልጅ ልጃችን ናት አዲሱን ክፍል ልታሳየን የወሰደችን። ፅንስ ለጨነገፈባቸው እናቶች ብቻ ነው፤ ከወላዶቹ ራቅ ብሎ፣ በጣናው በኩል።

በደርግ ጊዜ የመጀመሪያው ፅንስ ሲጨነግፍብን ባለቤቴን ያስተኟት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከወላዶች መሀል ነበር። የጎረቤት አልጋ ጠያቂዎች የወለደች መስሏቸው «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ብለው ገንፎ አጎረሷት። እንዳታሳፍራቸው ብላ ዋጠችው። እኔ ወንድ አይገባም ተብዬ ደጅ ቆሜ ነበር።

ልጅቱ ለማስተርስ ጥናቷ ይህን ከአያቷ ሰማች፤ ከዛሬ እናቶችም ያንኑ ሰማች። ጥናቱ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር ይህ ክፍል እስኪከፈት ድረስ አለቆቿን ስትነዘንዝ ከረመች። ንዝንዙን ከእኔ ወርሳለች፤ ዲግሪው የራሷ ነው።

ባለቤቴ ከአልጋው አጠገብ ያለውን ወንበር አየች። «ይኼስ የማን ነው?»

«የአባትየው ነው እማማ፤ አብሯት እንዲሆን።»

ባለቤቴ ወደኔ ዞረች። «በል ተቀመጥ አንተ ሰው፤ ብዙ ቆመሃል።»

ተቀመጥሁ። አንድ ቀልድ እንኳ አልመጣልኝም።

ደጅ ቆማችሁ የቀራችሁ አባቶች፣ የእናንተስ እንዴት ነበር? ጻፉልኝ፤ ዛሬ አልቀልድባችሁም።