የዋና አሽከርካሪው ስም

ኤሊ ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጡላት አጎቷ ናቸው። መኪና መንዳት ሊያስተምሯት የጀመሩ ሰሞን ከግቢው በር እስከ ዋናው መንገድ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ፈጅቶባት፣ ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ ጡሩምባውን ሲያንባርቅባት፣ «ተያቸው ይጩኹ፤ አንቺ መንገድሽን እይ፣ ኤሊዬ» አሏት። ከዚያ ወዲህ እናቷም ጎረቤቱም በዚያው ስም ቀሩ። በሃያ ዓመቷ መንጃ ፈቃድ ስትፈተን አንዴ ገብታ አለፈች፤ ፈታኙም «እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ካየሁ ቆየሁ፤ ግን ትንሽ ፍጠኚ» ብሎ ነው ወረቀቱን የሰጣት።

አጎቷ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን መኪና ቀርቶ የመንገድ ጠርዝ ነክተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ለዚህም የተሰጣቸው የምስክር ወረቀት አለ፤ በመስታወት ተደርጎ ከአልጋቸው ራስጌ ተሰቅሏል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከእህታቸው ግቢ፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል ነው የሚኖሩት። እህታቸው የኤሊ እናት ናት፤ ልብስ ሰፊ። እናትም ልጅም «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ ማታ ማታ ጋዜጣ የምታነብላቸው ኤሊ ናት።

ኤሊ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ አገኘች። ከተማው ዳር ዳር ካሉት ክሊኒኮች የደም ናሙና ተቀብሎ፣ በበረዶ ሳጥን አድርጎ፣ ሳይበላሽ ማድረስ ነው። ደሞዙ ጥሩ ነው፤ ግን መኪናውም ኢንሹራንሱም የሠራተኛው መሆን አለበት። መኪናዋን እንደ ምንም ገዛቻት፤ የሁለት ዓመት ቁጠባዋን አራግፋ፣ የጎደለውን እናቷ ሞልታላት፣ ቀለሟ የደበዘዘ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ግቢ ውስጥ ቆመች። የቀረው ኢንሹራንሱ ብቻ ነበር። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ሥራ የምትጀምረው በሚመጣው ሰኞ።

የመጀመሪያው ቢሮ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ዕድሜዋን ጠየቀቻት፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ስንት ጊዜ እንደሆናት ጠየቀቻት፤ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና ወረቀት ላይ ቁጥር ጽፋ ገፋ አደረገችላት።

«መኪናዋንማ ገዝቻታለሁ» አለች ኤሊ።

«የመኪናዋ ዋጋ አይደለም። የዓመት ክፍያው ነው።»

ኤሊ ወረቀቱን ደግማ አየችው። አመዷ ቡን አለ። «እኔኮ ገጭቼ አላውቅም።»

«አንቺ አልገጨሽ ይሆናል። ባንቺ ዕድሜ ያሉት ግን ገጭተዋል።»

«እነሱን የት አውቃቸዋለሁ?»

ሠራተኛዋ ትከሻዋን ነቀነቀች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህንኑ በቀን አሥር ጊዜ የምትናገር ሰው ድካም ነው የነበራት።

ረቡዕ ሁለተኛው ቢሮ ከሃያ አምስት ዓመት በታች ያለ ሰው አንቀበልም ብሎ ከበር መለሳት። ሐሙስ ወደ ሦስተኛው ቢሮ ሄደች። የተቀበላት መነጽር ያደረገ ጎልማሳ የነገራት ዋጋ ከመጀመሪያው ብዙም አይሻልም። ፊቷን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዋና አሽከርካሪው ሌላ ሰው ቢሆንና አንቺ አልፎ አልፎ ብቻ የምትነጂ ብትሆኚ፣ ዋጋው ሩብ ይሆናል። በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ስሙ ንጹሕ የሆነ ሰው ከሆነ ማለት ነው።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «እንዲህ አድርጊ እያልኩሽ አይደለም። ዋጋው እንዴት እንደሚሰላ ነው የነገርኩሽ።»

ማታ ይህንን ለቤተሰቡ ስትነግር እናቷ የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ውሸት አይደለም እንዴ?» አለች።

ጋሼ ግን «ሠላሳ አንድ ዓመት ንጹሕ ሆኜ የኖርኩት ለግድግዳ ነው እንዴ?» አሉ። «ለልጄ ካልሆነ ለማን ይሆናል?»

ዓርብ ጠዋት ከረባታቸውን አሥረው አብረዋት ሄዱ። የምስክር ወረቀታቸውን ከነመስታወቱ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘውት ነበር። ባለመነጽሩ ሰው ባድናቆት አነበበው። ቅጹን ሲያቀርብላቸው «የት ጋ ነው የምፈርመው?» ብለው ጠየቁ፤ ኤሊ ጣታቸውን ይዛ መስመሩ ላይ አሳረፈችላቸው። ቦታውን ማጣታቸው ከደስታ የመጣ መስሏት ነበር። ዋና አሽከርካሪ በሚለው ቦታ የጋሼ ስም ገባ።

ሰኞ ሥራ ጀመረች። ሰባት ሳምንት ነዳች። በነዳች ቁጥር ግን ፍርሃት አብሯት ነበር። ትራፊክ ፖሊስ ባየች ቁጥር፣ የመንገድ ጥፋት ሳይኖርባት፣ ፍጥነቷን ትቀንስ ነበር። አምስቱም ቀን ከጠዋት እስከ ማታ መሪ የምትይዘው እሷ፣ ወረቀቱ ላይ አልፎ አልፎ የምትነዳ ናት። ጋሼ ደግሞ አንድም ቀን መሪው ጋ ደርሰው አያውቁም። «አንዳንዴ እንኳ ዞር ዞር ያድርጓት፤ ቢያንስ ውሸቱ ይቀንሳል» ስትላቸው ወገባቸውን ያሳብቡ ነበር።

በስምንተኛው ሳምንት አንድ ቀትር ላይ፣ አንድ ክሊኒክ ፊት ለፊት መኪናዋን ጥግ አስያዘች። ናሙናው ሊሰበሰብ የሚገባው ሰዓት አልፎ ነበር። ሳጥኑን በአንድ እጇ አንስታ፣ ስፖኪዮውን ሳታይ በሩን ከፈተችው።

ከኋላ ይመጣ የነበረ ባለሞተር በሩን ሲመታ የወጣው ድምፅ ትንሽ ነበር። ሰውየው ግን ሞተሩን ተሻግሮ አስፋልቱ ላይ በቀኝ እጁ አረፈ። ቀለም ቀቢ ነው፤ ከኋላው ያሠረው ባልዲ ተከፍቶ ቢጫ ቀለም መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ኤሊ ወርዳ አጠገቡ ስትንበረከክ ቀለሙ ጉልበቷን ነከራት።

«እጄን» አለ ሰውየው፣ ጥርሱን ነክሶ። «እጄን አትንኪኝ።»

አንጓው ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ፖሊስ መጣ፣ ለካ፣ ጻፈ። ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ እሷም አልካደችም። ከሦስት ቀን በኋላ ከኢንሹራንሱ ተደወለ፤ ረቡዕ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት አንድ መርማሪ ቤት ድረስ ይመጣል ተባለ።

«እኔ ነኝ የማናግረው» አሉ ጋሼ። «አንቺ አፍሽን ያዢ። የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ።»

«ጋሼ፣ ሰውየው ቢያውቅስ?»

«ምኑን ያውቃል? ስንቱን ተሳፋሪ በዓይኔ ብቻ ዝም ያሰኘሁ ሰው ነኝ።»

መርማሪው ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ የሚገባ ሰው ሆኖ ተገኘ። ቁጡ ቢሆን ለኤሊ ይሻላት ነበር። ወንበር ሲሰጡት አመስግኖ ተቀመጠ፤ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ብዙውን ጊዜ መኪናዋን የሚነዳው ማነው፣ አባት?»

«እኔ።»

«በሁለት ወር ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ወዴት ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ዘመድ እጠይቃለሁ።»

«ዘመድዎ ብዙ ነው» አለ መርማሪው፣ ሳይስቅ። ጻፈ። እናቷ እጆቿን እያፍተለተለች የግድግዳውን ጥግ ታያለች። ሰውየው ስለ ነዳጅ ጠየቀ፤ ስለ ጎማ ጠየቀ፤ ጋሼ ሁሉንም መለሱ። ስለ መኪና የማያውቁት የለማ። ለአንድ አፍታ ለኤሊ የሚያልፍ መስሏት ነበር።

ከዚያ ሰውየው ደብተሩን አጥፎ ተነሣ። «የተጎዳውን በር ፎቶ ላነሳ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ተጠግታለችና አልታይ አለኝ። ትንሽ ወደ ኋላ ያወጡልኛል?»

ኤሊ ቁልፉን አንስታ ወደ በሩ ስትራመድ «እሳቸው ያውጧት» አለ፣ በለሆሳስ።

ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። ኤሊ ቁልፉን ሰጠቻቸው። እናቷ የግቢውን በር ልትከፍት ቀደም ብላ ሄደች፤ አንዱን መዝጊያ ከፍታ ሌላውን ይዛ ከመኪናዋ በስተኋላ ቆመች።

ያን ጊዜ ነው ኤሊ ያየችው። ጋሼ መኪናዋ ውስጥ ገብተው የቁልፉን ቀዳዳ በጣታቸው ይዳብሱ ነበር። አንዴ ሳቱት፤ ሁለተኛ ሳቱት። ሦስተኛ ላይ ገባላቸው። ሞተሩ ተነሣ። ወደ ኋላ ሲዞሩ ዓይናቸው እናቷ ባለችበት ላይ አረፈና አለፈ፣ እንደ ባዶ አየር። ሁለት ወር ሙሉ ወገቤን ያሉበት፣ ፊርማው ላይ ጣታቸውን የያዘችበት፣ ጋዜጣ አንብቢልኝ የሚሏት ምክንያት ሁሉ ባንዴ ገባት።

መኪናዋ ወደ ኋላ ተነቀለች። ወደ መውጫው ሳይሆን፣ እናቷ ወደ ቆመችበት መዝጊያ ነበር የምታዘነብለው። እናቷ እሳቸው ያዩዋት መስሏት አልተንቀሳቀሰችም።

ኤሊ ሮጣ ኮፈኑን በሁለት እጇ መታችው። «ፍሬን! ጋሼ፣ ፍሬን!»

የሠላሳ አንድ ዓመት እግር ነው። መኪናዋ እዚያው ክችም አለች። ከእናቷ ቀሚስና ከኋላው መብራት መካከል የቀረው ስንዝር ቢሆን ነው። ሞተሩ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ይውረዱ» አለች ኤሊ። ከዚያ ወደ መርማሪው ዞረች። «የምነዳት እኔ ነኝ። በየቀኑ። እሳቸው አንድም ቀን ነድተዋት አያውቁም። ስማቸውን ያስገባነው ለዋጋው ብለን ነው።»

መርማሪው እሷን ሳይሆን መኪናዋን ነበር የሚያየው። ጋሼ አልወረዱም። መሪውን እንደያዙ፣ ፊት ለፊት እያዩ «ከኋላ ምን ነበር?» አሉ።

«እማዬ ነበረች።»

«አላየኋትም» አሉ። ቆይተው ደገሙት። «አላየኋትም ልጄ።»

የሆነው ሁሉ እንደተፈራው ነው የሆነው። ውሉ ተሰረዘ። የቀለም ቀቢውን ሕክምናና ሥራ የፈታበትን ጊዜ ድርጅቱ ከፈለ፤ ከዚያ ግን በሐሰት ቃል ነው የተዋዋላችሁት ብሎ ከነሱ እንዲመለስለት ጠየቀ፤ በየወሩ እንዲከፍሉ ተስማሙ። መኪናዋ ተሸጠች። ኤሊ ላቦራቶሪው ከሌላ ሰው ሳይሰማ ራሷ ሄዳ ለኃላፊዋ ተናገረች። ኃላፊዋ፣ ንግግር የማታበዛ ሐኪም ናት፤ ሰምታ ስትጨርስ «መንዳቱን ተይው። ናሙና የሚመዘግብ ሰው ጎድሎኛል» አለቻት። ደሞዙ የበፊቱ ግማሽ ነው።

ቀለም ቀቢውን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። ይቅርታ ስትለው «ይቅርታሽ ብሩሽ አይዝልኝም» አላት። ተናዶ ነበር፤ የመናደድም መብት ነበረው። ሦስት ወር ቆይታ ተመልሳ ስትሄድ ግን ከበር አልመለሳትም።

ጋሼ ሁለት ሳምንት ከክፍላቸው አልወጡም። ምግባቸውን እናቷ ስታስገባላቸው «እሺ» ብቻ ነበር የሚሏት። የምስክር ወረቀታቸውን ከግድግዳው አውርደው አልጋ ሥር ከተቱት። በመጨረሻ ኤሊ ገብታ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ነው የጀመረኝ» አሉ። «የመጨረሻውን ዓመት ምን ያህል እንደፈራሁ አንቺ አታውቂም። አንድ ቀን የሰው ልጅ እገጫለሁ እያልኩ ነበር የምነዳው። ለማንም አልተናገርኩም።»

ኤሊ ያ ፍርሃት ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ ሰባት ሳምንት አብራው ኖራለች።

የዓይን ሞራ ነው ተባለ፤ ሁለቱም ዓይናቸው ላይ። ቀኙ በዚያው ክረምት ተገፈፈ።

ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ላቦራቶሪው የራሱን ሁለት መኪናዎች ገዛ፤ ኢንሹራንሱም የድርጅቱ ሆነ። ኃላፊዋም ኤሊን ወደ መንዳቱ ልትመልሳት አሰበች፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሾፌር ቅጽ መሙላት ነበረበት። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ ከዚህ በፊት የተሰረዘ ውል አለዎት ወይ የሚል ነበር። ኤሊ ብዕሯን ይዛ ብዙ ቆየች። የለኝም ብትል ኢንሹራንሱ በምን ያውቃል? ስሟ የገባው በጋሼ ስም ሥር ነበር። አለኝ ብላ ምልክት አደረገች፤ ከሥሩም ምን እንደተደረገ በአራት መስመር ጻፈች።

መልሱ አሥራ አንድ ቀን ቆየ። በነዚያ ቀናት እንቅልፍ የሚባል ነገር አልወሰዳትም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። በመጨረሻ ኃላፊዋ ጠርታ ወረቀቱን ሰጠቻት። ተቀብለዋታል። መኪናው ላይ ፍጥነቱንና የፍሬን አያያዟን የሚመዘግብ መሣሪያ ይገጠማል፤ አደጋ ብታደርስም የመጀመሪያውን ወጪ የምትከፍለው እሷ ናት። ፈረመች።

የጋሼ ግራ ዓይን በሚገፈፍበት ቀን ከሥራ አስፈቅዳ አብራቸው ሄደች፤ የላቦራቶሪው መኪና ሌላ ሰው ስለማይጭን በአውቶቡስ ነው የሄዱት። ጋሼ ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር መርጠው ተቀመጡ። መንገዱን በሙሉ በቀኝ ዓይናቸው ሾፌሩን ሲከታተሉ ቆዩና ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ወደ ኤሊ ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ደህና ነው የሚነዳው። ግን ጠርዙን በጣም ይጠጋል» አሉ።

«ይተዉት ጋሼ።»

«ተውኩት እኮ» አሉ፤ ግን ሆስፒታሉ በር ላይ እስኪወርዱ ድረስ ዓይናቸውን ከመንገዱ አልነቀሉም።