ከሶፊያ የመጣችው ጓደኛዬና የእናቴ እልልታ

በደርግ ጊዜ ኪየቭ ለትምህርት ተልኬ ሳለሁ ወደ አገሬ የመጣሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ለክረምት ዕረፍት። ሐምሌ ነበር። ሰፈራችን ልደታ እንደ ክረምቷ ጨቅይታለች። እናቴ ብርድ ይመታሻል እያለች ከቤት አላስወጣ ስትለኝ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት ልግዛልሽ ብዬ አመለጥኳት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ካለው ጉሊት ጎንበስ ብዬ ሽንኩርት ስመርጥ ሁለት ቀዝቃዛ እጆች ከኋላ ዓይኔን ከደኑኝ።

"ማን ነኝ?"

ድምፁን አወቅሁት፤ ግን እሷ ልትሆን አትችልም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን፣ ግቢያችንን አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ የሚለየው ጓደኛዬ እኔ ወደ ኪየቭ ስሄድ እሷ ወደ ቡልጋሪያ፣ ወደ ሶፊያ፣ ተልካ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተያይተን አናውቅም። ዞር ስል እሷው ናት! ሁለታችንም ጮህን። ተቃቅፈን ስንዘል አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ ባለጉሊቷ "ኧረ ሽንኩርቴን!" እያሉ መደባቸውን በእጃቸው ከለሉ።

ለካ ለእናቷም ሳትነግር ነው የመጣችው። ጠዋት ገብታ፣ እኔም መምጣቴን ሰምታ፣ ሻንጣዋን ሳትፈታ ፍለጋ ወጥታለች።

"ዛሬ እራት እኛ ቤት ነው፤ እሺ?" አልኳት።

ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

"ለምን? ገና ከመምጣትሽ ልትኮሪብኝ ነው?"

"ምን ኮራሁ? እሺ አልኩሽ እኮ!"

"ራስሽን ወዘወዝሽ እንጂ መቼ እሺ አልሽ?"

ትንሽ አሰበችና በሳቅ ፈነዳች። ቡልጋሪያ ውስጥ ነገሩ የተገለበጠ ነው። ሰው አዎ ሲል ራሱን ግራና ቀኝ ይወዘውዛል፤ አይ ሲል ወደ ታች ይነቀንቃል። መጀመሪያ ሰሞን ምግብ ይጨመርልሽ ሲሏት በአገራችን ልማድ ነቅንቃ ሳትጠግብ ትነሳ ነበር። ኋላ ግን ለመደች።

"አፌ አማርኛ ይናገራል፤ አንገቴ ግን ሶፊያ ቀርቷል" አለችኝ።

ስለዚህ ተስማማን፤ እራት ላይ ከጎኗ እቀመጣለሁ፤ አንገቷ ሲሳሳት ጭኗን እቆነጥጣታለሁ።

ማታ እናቴ ጎመን በሥጋ ሠርታ ጠበቀችን። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ዝግ ብሎ ማውራት ለምዶ ነበር። ከዜናው በኋላ ራዲዮኑን ዘጋና ወደ ማዕዱ ቀረበ። ስለ ትምህርቷ ሲጠይቃት ጓደኛዬ በአፏ እየመለሰች፣ አንገቷን እንደ ወታደር አቅንታ ጥሩ ጀመረች። ጉዳችን የመጣው በእናቴ ጉርሻ ነው። እናቴ ስታጎርስ መላ ጉንጭ ትሞላለች።

"ልጨምርልሽ የኔ ልጅ?"

አፏ ስለማይከፈት ጓደኛዬ በቃኝ ለማለት ወደ ታች ነቀነቀች። እናቴ ደስ አላት፤ ጨመረችላት።

"ወጥ ይደገም?"

አሁንም ነቀነቀች። አሁንም ተጨመረ። ቆነጠጥኳት፤ እሷ ግን ደንግጣ ይብስ ነቀነቀች። እኔም ሳቄ መጥቶ ከንፈሬን ነክሼ ወደ ጣሪያው አየሁ።

"አይዞሽ ብዪ፤ እዚያ ማን ያበላሻል!" አለች እናቴ ሌላ ጉርሻ እያዘጋጀች። ከዚያ ጎንበስ አለችና "ለመሆኑ እጮኛ አግኝተሻል?"

ጓደኛዬ ዓይኗ ፈጠጠ። የጎረሰችው አልወረደላትም። የለኝም፣ ምንም የለኝም ለማለት ባለ በሌለ ኃይሏ ወደ ታች ነቀነቀች።

እናቴ ማንኪያውን ጥላ እልል አለች። እንዲህ ያለ እልልታ ሰፈራችን ከሰማ ዓመታት አልፈዋል። አባቴ ብድግ ብሎ ወደ መስኮቱ አየ፤ በዚያን ጊዜ እንኳን እልልታ ሳቅም ጎላ ካለ ምን ተገኘ ብሎ የሚያጣራ አይጠፋም። ጓደኛዬ በሁለት እጇ አይደለም አይደለም ትላለች፤ እናቴ "ምን ያሳፍርሻል!" እያለች ጉንጯን ትስማለች። እኔ ወንበሬን ለቅቄ መሬት ላይ ነኝ፤ ሆዴን ይዤ።

በሩ ብርግድ ብሎ ተከፈተ። የጓደኛዬ እናት ነጠላቸውን አንድ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው፣ አንድ እግራቸው ላይ ጫማ ሳያደርጉ ቆመዋል።

"ምንድን ነው እልልታው?"

"ልጅሽ ታጭታለች!" አለች እናቴ።

"ማን? ለማን? ፈረንጅ ነው?"

ጓደኛዬ በመጨረሻ ዋጠች። "ማንም የለም! የለኝም ነው ያልኩት!"

ነገሩን አንዴ እሷ አንዴ እኔ እየተቀባበልን፣ ሳቅ እያቋረጠን አስረዳን። እናቷ ጨርሰው ሰሙንና ቁጭ አሉ።

"እኔ እኮ እዚያ በር ላይ እንደቆምኩ ሰባት ልጅ ወልጄላታለሁ" አሉ።

መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ድምፁ ወጣ፤ መስኮቱንም ረሳው። ሲስቅ እንባው የሚመጣ ሰው መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። እናቴ አኩርፋ "እንግዲህ ያልኩትን እልልታ አልመልሰው!" ስትል የሁላችንም ሳቅ እንደገና ተነሳ። የጓደኛዬ እናት እጃቸውን ታጥበው ቀረቡና "ከመጣሁ አይቀር ጎመኑን አምጪው" አሉ።

ኪየቭም ስቄ አውቃለሁ፤ እዚያ ግን አንድ ሰው ቀልዱን ያስረዳኝና ሌሎቹ ስቀው ሲያበቁ እኔ እጀምራለሁ። ያን ማታ ከሁሉም ጋር እኩል ሳቅሁ፤ ጎኔን እስኪያመኝ።

በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ሴቶች እልልታውንና የመታጨቷን ወሬ ሰምተው አደሩና አንድ በአንድ ጓደኛዬን እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉ መጡ። ጓደኛዬ የመጀመሪያዋን አስረዳች፤ ሁለተኛዋንም አስረዳች። ከዚያ ሰለቻት መሰለኝ፣ "አሜን፣ አሜን" እያለች ሁሉንም ትስማቸው ጀመር።